ካሜራው የቱን አየ? «የስፖርት ፊልም ውጤት ይንገረን» ለሚሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይቺን አንብባት፣ አንተን ነው የምትነካው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉ ስለ ዓለም አቀፍ የስፖርት ውድድሮች ዘጋቢ ፊልም ነው። «አንተን ነው» ያለኝ እንጀራዬን ስለሚያውቅ ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። የአሥርና የአሥራ ሁለት ሰዓት ቀረጻ ተረክቤ የአንድ ሰዓት ከሩብ ፊልም አድርጌ አስረክባለሁ። ስለዚህ «መቁረጥ ማታለል ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጸሐፊው ስማቸውን ስላላሰፈሩ «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ ንዴታቸውም የእውነት ነው። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዘጋቢ ፊልም የውድድር መዝገብ ነው፤ ማን ሮጠ፣ ማን ቀደመ፣ በስንት ሰዓት ገባ የሚለውን ካልነገረን ሥራውን አልሠራም። ዳይሬክተሩ በጥበብ ስም የላብ ጠብታና የተመልካች ጃንጥላ እያሳየ ስፖርቱን ይሰርቀናል። ስሎ ሞሽን (ፍጥነቱ የተቀነሰ ምስል)፣ ክሎዝ አፕ (ከቅርብ የተነሣ ምስል) እና ሙዚቃ እውነትን ማጣመሚያ ናቸው። ውበት የት እንደሚያደርስ ማወቅ የፈለገ በናዚ ዘመን የተሠራውን የበርሊን ኦሊምፒክ ፊልም ይመልከት። አበበ ቢቂላንም የውጭ ሰዎች አፍ የሌለው ሐውልት አድርገውታል። ሁሉ ነገር በቀጥታ በሚተላለፍበት፣ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ በያዘበት ዘመን ደግሞ የዚህ ፊልም ጥቅሙ አይታያቸውም።

እያንዳንዱን በየተራው አነሳለሁ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛው ስመለስ እናገራለሁ።

ጸሐፊው ከቶኪዮ ነው የጀመሩት፤ እኔም ከዚያው ልጀምር። የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም እንዲሠራ መጀመሪያ የታሰበው ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ ነበር። እሱ ሳይሆን ቀረና ሥራው ለሌላው ዳይሬክተር ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። ኢቺካዋ ከመቶ በላይ ካሜራማን አሰማርቶ በ1965 የ170 ደቂቃ ፊልም አቀረበ። ፊልሙ በፀሐይ ይጀምርና ወዲያው አሮጌ ቤቶችን የሚያፈርስ ትልቅ የብረት ኳስ ያሳየናል፤ ስታዲየም የሚሠራው የሆነ ነገር ፈርሶ ነውና። ከዚያ በኋላ ሩጫ አለ፣ ዝላይ አለ፣ ግን ዝናብ የሚመታቸው ተመልካቾችም አሉ፣ አሎሎ ከመወርወሩ በፊት አሎሎውን እያገላበጠ፣ ልብሱን እየነካካ መረጋጋት ያቃተው ወርዋሪም አለ። የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ወርቅ ሲያገኝ ካሜራው ከሚዘሉት ልጆች ዞር ብሎ ለብቻው የቆመውን አሠልጣኝ ይፈልጋል።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ «ዝባዝንኬ» ይሉታል። የመጀመሪያው ሰው ግን አይደሉም። ፊልሙ ገና ለሹማምንት በቀረበበት ሰሞን የኦሊምፒኩ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ ያንኑ ቅሬታ አሰምተው ነበር፤ ይህ ጥበብ እንጂ መዝገብ አይደለም አሉ። በጃፓን ጋዜጦች «መዝገብ ነው ወይስ ጥበብ?» የሚል ሰፊ ክርክር ተነሣ። ለኢቺካዋ ጥብቅና የቆመችው የታወቀችው ተዋናይት ሂዴኮ ታካሚኔ ነበረች፤ ጋዜጣ ላይ ተከራከረችለት፣ ሚኒስትሩንም ሄዳ አነጋገረች። ኮኖም እየለዘቡ መጡ። ፊልሙ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ከፍተኛ ተመልካች ካገኙት ተርታ ገባ፣ በካን ፌስቲቫል የዓለም አቀፍ ሐያሲያንን ሽልማት ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ ለክርክራችን የሚጠቅመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ጸሐፊው የሚመኙት ዓይነት ፊልም በእርግጥ ተሠርቷል። ከዚያው ከኢቺካዋ ካሜራዎች ቀረጻ፣ ውድድሩን በቅጡ እንዲያሳይ ተብሎ፣ በ1966 ሌላ ፊልም ተቆርጦ ወጣ። ቀረጻው ያው፣ ሯጮቹ ያው፣ ውጤቱም ያው። ዛሬ ስለ ቶኪዮ 1964 ሰው ሲነጋገር ያንን ፊልም የሚያነሣ አንድ ሰው አጋጥሟቸው ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ጸሐፊው ራሳቸውም የተናደዱት በኢቺካዋ ነው፤ በሌላኛው የሚናደድ ሰው የለም።

ወደ ዋናው ነጥባቸው፣ «ፊልም መዝገብ ነው» ወደሚለው ልምጣ። መዝገቡ እኮ ያኔም ሌላ ቦታ ተይዞ ነበር። የጃፓኑ ኤን ኤች ኬ የማራቶኑን ሩጫ በቀጥታ በቴሌቪዥን አስተላልፏል፤ ሰዓት መያዝና ደረጃ መጻፍ የዳኞች ሥራ ነው፣ እነሱም ሠርተውታል። ኢቺካዋ ከወራት በኋላ ለሰው ሁሉ የታወቀን ውጤት እንደገና ለመናገር ያን ሁሉ ካሜራማን ማሰለፍ አያስፈልገውም ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት በደረሰበት ቀን አበበ ማሸነፉን የማያውቅ አንድም ጃፓናዊ በአዳራሹ አልነበረም። የገቡት ሌላ ነገር ሊያዩ ነው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከዚህም የጠለቀ ነው። አበበ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ነው። አሥራ ሁለት ቀን! አገሩ ላይ የነበረ ሰው ድሉን በጆሮው ሰማ እንጂ በዓይኑ አላየም። ዛሬ እኔና ጸሐፊው «አበበ ሲሮጥ» ብለን ዓይናችንን ስንጨፍን የሚመጣልን ምስል፣ ያ የተረጋጋ ፊት፣ ከሰማይ የወረደ የጋራ ትዝታ አይደለም። አንድ ካሜራማን በረጅም ሌንስ አነጣጥሮ፣ አንድ ኤዲተር «ይኼ ይቆይ» ብሎ ያስቀረው ነው። ጸሐፊው የሚከራከሩበት አበበ ራሱ ኢቺካዋ የሰጣቸው አበበ ነው።

ደግሞ ያ በጆሮ የተሰማው ድል «ንጹሕ መረጃ» ነበር ብለው እንዳያስቡ። ጸሐፊው የልጅነታቸውን የሬዲዮ ዘገባ በናፍቆት አንሥተው «ያለ ምንም ቅባት» ይላሉ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃቸው፦ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ 1980 የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ የወሰደው ሰው፣ በአገሩ ስሙ ማን ነው? «ማርሽ ቀያሪው» ነው። የምሩጽ እግር ማርሽ የለውም። አንድ ሰው የመጨረሻውን ዙር አፈትልኮ ሲወጣ አይቶ ሽቅብ የሚገፋ መኪና ትዝ ብሎት ያወጣው ስም ነው። ያ ቅባት ካልሆነ ምን ቅባት አለ? እንዲህ ያለ ስም ግን የሩጫውን ሁኔታ ከሰዓቱ ይልቅ በትክክል ይናገራል፤ ለዚህ ነው የምሩጽን ሰዓት የማያውቀው ሁሉ ስሙን የሚያውቀው።

በዚህ አጋጣሚ የሙያዬን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አንዲት የሙሽራ እናት «ልጄ፣ ከእንግዳ አንድ ሰው እንዳይቀር፣ ኋላ ቅሬታ ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። አልቀረም። ጠረጴዛ ሁሉ፣ ሳህን ሁሉ፣ አጎት ሁሉ ገባ። ከአራት ወር በኋላ ተጨማሪ ቅጂ ሊወስዱ ሲመጡ ደጋግመው የሚያዩት የቱን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ የእሳቸው እጅ በሩን ይዞ አልለቅ ያለበትን ነው፤ አራት ሰከንድ ነው። ካሜራማኑ የመኪናውን አበባ ሊያነሣ ብሎ ነው እጃቸው የገባው። እኔ አስቀረሁት። መዝገቡንማ፣ ያን ሁሉ አጎት፣ እያሳለፉ ነው የሚያዩት።

አሁን ወደ ስሎ ሞሽን። ጸሐፊው «ማንም ሰው በዚያ ፍጥነት አልሮጠም፣ ስለዚህ ውሸት ነው» ይላሉ። ሲድኒ 2000ን ያስታውሱ። የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፤ ሃይሌ ገብረ ሥላሴ 27:18.20፣ ፖል ቴርጋት 27:18.29። በመካከላቸው ያለው 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። 25 ዙር ከሮጡ በኋላ የዓይን ሽፋሽፍት የማታህል ልዩነት። በተራ ፍጥነት ያየነው ሁለት ሰው ተያይዞ ሲገባ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ደረቱን ማን መቼ እንደሰጠ ያወቅነው ፍጥነቱ ተቀንሶ ሲደገም ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ያሳየን የዘገየው ምስል ነው። ዓይናችን አጉሊ መነጽር ሲያስፈልገው ውሸታም አንለውም፤ ስሎ ሞሽንም የጊዜ አጉሊ መነጽር ነው።

የቶኪዮውን የማራቶን ክፍል ደግሞ ከመቁረጫ ወንበሬ ሆኜ ምን እንዳለበት ልንገራችሁ። ኢቺካዋ ወዲያው ወደ አበበ አይሄድም። መጀመሪያ ውሃ መጠጫው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። አንዱ ኩባያውን ነጥቆ ይሄዳል፣ አንዱ ግማሹን ራሱ ላይ ያፈሰዋል፣ አንዱ ደግሞ ቆሞ ኩባያ በኩባያ ይጠጣል፤ የኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ያለ ሳይሆን ገበያ ውሎ ጠላ ቤት ጎራ ያለ ይመስላል። ሳቅ ይመጣል። ከዚያ የደሙ እግሮች፣ የወደቁ፣ በቃሬዛ የሚወሰዱ ይከተላሉ። ሳቁ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ማራቶን ሰውን ምን እንደሚያደርግ ካየን በኋላ ነው አበበ የሚመጣልን።

ሌንሱ በጣም ረጅም ነው። ረጅም ሌንስ ሩቅ ያለውን ከማቅረብ ሌላ አንድ ጠባይ አለው፤ ርቀትን ይጨምቃል። ሯጩ ወደ ካሜራው ሲሮጥ የሚቀርብ አይመስልም፤ እግሩ ይሠራል፣ ትከሻው ይወዛወዛል፣ ግን ያው እዚያው ነው። ከኋላው በመንገዱ ዳር የተደረደረው ሕዝብ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። 42 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው መንገዱ እንዴት እንደሚሰማው ገምቱ፤ ትሮጣለህ፣ አትደርስም። ኢቺካዋ ይህን በአንድ ቃል ትረካ አልነገረንም፤ ሌንስ መርጦ አሳየን። ድምፁ ይሳሳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ላቡ ወርዶ አገጩ ላይ ይንጠለጠላል። ፊቱ አይጨማደድም። ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ነው።

አበበ 2:12:11.2 ገባ፤ ያኔ በማራቶን ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። ገብቶም አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ማፍታታት ጀመረ። ሁለተኛው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ አለ። ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ የገባው የአገሬው ልጅ ኮኪቺ ፁቡራያ ነበር፤ እዚያው ሕዝቡ ፊት እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ደርሶ ቀደመው። መዝገቡ «3ኛ፣ 2:16:22.8፣ ነሐስ» ይላል። ፁቡራያ በጥር 1968 ራሱን አጠፋ፤ 27 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ሲሠራ ይህን ማንም አያውቅም። ግን ውድድር ማለት የቀደመው ብቻ ነው ብሎ ያላመነ ዳይሬክተር ስለነበረ የፁቡራያ የመጨረሻ ሜትሮች ቀርተውልናል፤ ዛሬ የሚያያቸው ሰው የነሐስ ሜዳሊያ ብቻ አያይም።

«ውጤት ያልሆነ ነገር አያስፈልገንም» ለሚሉት ደግሞ ባርሴሎናን ላስታውሳቸው። ነሐሴ መጀመሪያ 1992፣ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር፣ ደራርቱ ቱሉ 31:06.02። ይህ ነው ውጤቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው በየትኛውም የውጤት ወረቀት ላይ የለም፦ ደራርቱ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪቃዊት ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዙሩን ዞሩ። ደቡብ አፍሪቃ ከ1960 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ የቀረበችበት ነው። ካሜራዎቹ ውድድሩ አልቋል ብለው ጠፍተው ቢሆን ኖሮ ምን ይቀርልን ነበር? ጸሐፊው ራሳቸው በጽሑፋቸው መጨረሻ ደራርቱን ሲያነሡ ያነሡት ሰዓቷን አይደለም። ያን ዙር ነው።

በርሊን። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ናቸው፣ እኔም ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጀርመናዊቷ ዳይሬክተር ሌኒ ሪፈንሽታል የ1936ቱን ኦሊምፒክ የቀረጸችው በናዚ መንግሥት ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ በአንድ ድርጅት ስም ተሸፍኖ ነው የመጣው። ፊልሙ የተመረቀው ሚያዝያ 20 ቀን 1938፣ በሂትለር የልደት ቀን ነው። ውድድሩ የተከፈተው ነሐሴ 1 ነበር፤ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ከገባች ገና ሦስት ወሯ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ካሉ አንድ ወር። እዚያ ስታዲየም ውስጥ የጣሊያን ቡድን በክብር ሲሰለፍ ማየት ለእኔ እንደ ሌላው ተመልካች አይሆንልኝም።

ማስመሰልም ነበረበት። የምርኩዝ ዝላዩ ውድድር መሽቶ ብርሃን ስለጠፋ ዘላዮቹ በማግስቱ እንደገና ለካሜራው እንዲዘሉ ተደረገ። ይህን አልወደውም። (ሠርግ ላይም «ቀለበቱን አልያዝኩትም፣ እስቲ እንደገና አጥልቁ» የሚል ካሜራማን አለ። አውቃለሁ። ሙሽሮቹ ሁለተኛ ሲያጠልቁ ፊታቸው ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ቆርጬ እጥለዋለሁ።)

ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን። ጸሐፊው «ውበት ለአምባገነን ያገለግላል፣ ደረቅ መዝገብ ግን አያታልልም» ይላሉ። እውነት? የጣሊያን መንግሥት የፊልም ድርጅት ኢስቲቱቶ ሉቼ ኢትዮጵያ ላይ የተደረገውን ወረራ የቀረጸው በደረቅ የዜና ፊልም ነው፤ ሰልፍ፣ መንገድ ሥራ፣ ባንዲራ። ስሎ ሞሽን የለበትም፣ ግጥም የለበትም፣ የመርዝ ጋዙም የለበትም። ውሸቱ ያለው ካሜራው ባልዞረበት በኩል ነው። ፕሮፓጋንዳ ሲያምር ብቻ ነው የሚዋሸው ብሎ የሚያምን ሰው በደረቁ ይበላል።

በዚያው በበርሊን የማራቶኑን ወርቅ የወሰደው ሶን ኪቹንግ ኮሪያዊ ነበር፤ አገሩ በጃፓን ሥር ስለነበረች በጃፓን ባንዲራና በጃፓንኛ ስም ሮጠ። ኦፊሴላዊው መዝገብ «ጃፓናዊ» አለው። ሽልማት ላይ ሲቆም አንገቱን ደፍቶ በተሰጠው የዛፍ ችግኝ ደረቱ ላይ ያለውን ባንዲራ ሸፈነ። ዶንግአ ኢልቦ የተባለው የኮሪያ ጋዜጣ ደግሞ ፎቶውን ሲያትም ባንዲራውን ከደረቱ ላይ አጠፋው፤ በዚህም ታገደ። እንግዲህ ጸሐፊው ይፍረዱ፦ ያልተነካው ፎቶ ነው እውነቱን የሚናገረው ወይስ የተነካው? ሪፈንሽታል ራሷ፣ ያቺ ለማን እንደምትሠራ የማንክደው ሴት፣ በማራቶኑ ክፍል በልምምድ ጊዜ ሯጮች ደረት ላይ ትንሽ ካሜራ አንጠልጥላ መንገዱን፣ የገዛ እግራቸውንና ጥላቸውን በሯጩ ዓይን አስቀረጸች። ያ ክፍል ስለ ጀርመን ዘር የሚለው አንዳች ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ድካም ነው። ፊልሙን ስለዚህ ይቅር እንበለው አልልም። እያንዳንዱን ሾት «ይህን ማን፣ ለምን መረጠ?» እያልን እንድናየው ነው የምፈልገው። ያ የሚሆነው ደግሞ ፊልም ምርጫ መሆኑን ስንቀበል ነው። «መዝገብ ነው» ካልን መጠየቁን እናቆማለን።

«አበበን ሐውልት አደረጉት» ወደሚለው። የተወሰነ እውነት አለው። ኢቺካዋ ስለ አበበ የሚያውቀው ፊቱን ነው፤ የክብር ዘበኛ ወታደርነቱን፣ የእነ ኦኒ ኒስካነንን አሠለጣጠን፣ የእንጦጦን ዳገት አያውቅም። በ10 ሺህ ሜትሩ አራተኛ የወጣውን ማሞ ወልዴንም ፊልሙ ሊያስተዋውቀን አልሞከረም። ይሁን እንጂ ኢቺካዋ አፍሪቃዊን ሁሉ በአንድ ዓይን አላየም። ከአራት ዓመት በፊት ነፃ ከወጣችው ከቻድ የመጣውን የ800 ሜትር ሯጭ አህመድ ኢሳን ረጅም ጊዜ ሰጥቶታል፤ በኦሊምፒኩ መንደር ምግብ ቤት ለብቻው ሲበላ፣ ከተማውን ብቻውን ሲዞር። ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ«ውጤት ይንገረን» ሕግ አህመድ ኢሳ አንድ መስመር እንኳን አይደርሰውም ነበር።

ሮምን ጸሐፊው «ጣሊያኖች የሠሩት» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። እኔ እዚህ መቆየት እፈልጋለሁ። መስከረም 10 ቀን 1960፣ ሙቀቱን ለመሸሽ ማራቶኑ ወደ ማታ ተጀመረ። ከካምፒዶሊዮ ተነሥተው፣ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ተመልሰው፣ ስታዲየም ሳይገቡ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ይጨርሳሉ። ጨለማ ነው፤ በመንገዱ ዳር ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል። 11 ቁጥር የለጠፈው ባዶ እግሩን ነው። ከጎኑ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም አለ። መጨረሻው ሲቃረብ አበበ ተነጠለ፤ የተነጠለውም ከአክሱም ተነቅሎ ሮም በተተከለው ሐውልት አጠገብ ነው። 2:15:16.2። ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ።

የዚያን ኦሊምፒክ ፊልም የመራው ሮሞሎ ማርቼሊኒ ይባላል። ይኸው ሰው በ1937 ሶማሊያ ሄዶ የቅኝ ግዛት ፊልም ሠርቷል፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የነሐስ ዘቦች» እንደ ማለት ነው። ሐውልቱ ሮም ላይ የቆመውም በዚያው በ1937 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የዚያው ዳይሬክተር ፊልም አንድ ባዶ እግሩን የሆነ የክብር ዘበኛ ወታደር በችቦ ብርሃን ሮምን አቋርጦ ሲያሸንፍ ለዓለም አሳየ። ማርቼሊኒ በልቡ ምን እንዳሰበ ልነግራችሁ አልችልም። ፊልሙም ይህን ታሪክ አይተርክልንም፤ እኛ ነን ይዘንለት የምንሄደው። ትረካ ባበዛ፣ ስታትስቲክስ በደረደረ ፊልም ውስጥ ግን የእኛን ታሪክ ይዘን የምንገባበት ቀዳዳ አይኖርም ነበር። ጨለማው፣ ችቦው፣ የእግሩ ኮቴ፤ ቦታ አለው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆሟል። ፊልሙን ዛሬ የሚያይ ልጅ ደግሞ ይህንንም ጨምሮ ነው የሚያየው።

ስለ ሃይሌ የተሠራውን የ1999 ፊልም «ድራማ ነው» ብለው ጥለውታል። የተተወነ ክፍል አለበት፣ ሃይሌ ራሱም ራሱን ሆኖ ይተውናል። እኔም አንዳንዱ ትዕይንት ጎርብጦኛል። ነገር ግን ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠውን ልጅ ካሳየን በኋላ ወደ አትላንታ ሲወስደን፣ የሃይሌን ግራ ክንድ ያላየ ሰው ይኖራል? አጠፍ ብሎ ከጎኑ ይጣበቃል፣ አሁንም ደብተር የያዘ ይመስላል። በቀጥታ ስርጭቱ ያንን ክንድ ስንቴ አይተነው አልፈነዋል። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ የሚሆነውን ነገር በእኛ ሙያ ኤዲቲንግ ይሉታል።

የውጭ ዓይን የሚያስከፋቸው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሌላ ነው። በሙኒክ 1972 ስምንት ዳይሬክተሮች እያንዳንዳቸው የሚፈልጉትን አንድ ነገር እየመረጡ የሠሩት ፊልም አለ። አንዱ ሯጩን፣ አንዱ ክብደት አንሺውን፣ ክሎድ ሌሉሽ የተሸነፉትን መረጠ። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ተጋብዞ ነበር፤ የእሱ ክፍል ፊልሙ ውስጥ አልገባም። በዚያ ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ አገኘ፣ ምሩጽ በ10 ሺህ ነሐስ አግኝቶ የ5 ሺህ ሩጫው አመለጠው፣ አበበም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ የክብር እንግዳ ነበር። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፊልም። እዚያ ካሜራ ይዞ «እኔ ይህን ነው የማየው» የሚል የእኛ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ጸሐፊው የሚጠይቁት የውጤት ዝርዝር ግን ያንን ክፍተት አይሞላውም።

ስለ ስልክና ቀጥታ ስርጭት ብዙ አልልም። ሠርግ ላይ ሁለት መቶ ስልክ አለ፤ እስካሁን ደንበኛ አልቀረብኝም።

ጸሐፊው የቶኪዮውን ፊልም «ግማሹን አይቼ ዘጋሁት» ብለዋል። ማራቶኑ ወደ መጨረሻው ነው፤ ግማሹ ላይ የዘጋ ሰው አበበን አላየውም ማለት ነው። አድራሻቸውን ከላኩልኝ ቅጂውን በፍላሽ አደርስላቸዋለሁ። አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውሃ መጠጫው ጋ ሲደርሱ አያሳልፉት።